ቲቸር እስከዚህ

ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ከመምህራን መዝገብ ላይ ካልሆነ በቀር የሚያነበው የለም። ተማሪው፣ ዘበኛው፣ የጽሕፈት ቤቷ ሠራተኛ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር፣ ሁሉም የሚያውቃት «ቲቸር እስከዚህ» በሚለው ቅጽል ነው። ሒሳብ ታስተምራለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሰሌዳ ጋር ስትታገል ኖራ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ብሏል፤ የጠመኔው ብናኝም ከጋዋኗ እጅጌ ላይ ታጥቦ የሚለቅበት ዘመን አልፏል። ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት ግን ማማረር አታውቅም። «እኔ እኮ ከሰባተኛ ክፍል ልቀር የነበርኩ ሰው ነኝ፤ እዚህ የቆምኩት በሰው ውለታ ነው» ትላለች። ይህን ስትል ፊቷ ይፈካል።

ቅጽሏ የመጣው ከእርማቷ ነው። ሌላው መምህር እንደ ደንቡ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ፣ የተሳሳተውን ሁሉ ኤክስ እያደረገ ይወርዳል። አንዳንዱማ ኤክሱን ሲጭር ወረቀቱ እስኪቀደድ ነው፤ ልጁ ምን በድሎት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እሷ ዘንድ ቀይ የለም፣ ኤክስም የለም። አረንጓዴ እስክሪብቶ ይዛ የልጁን አሠራር ከላይ ጀምራ በእርጋታ ትከተላለች። ትክክሉ የሚያበቃበት ቦታ ስትደርስ ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ታሰምርና ዳር ላይ «እስከዚህ» ብላ ትጽፋለች። በቃ። ከመስመሩ በታች ያለውን አትነካውም። በማግስቱ ልጁ ከመስመሩ ተነሥቶ እንደገና ይሠራል፤ መስመሩ ዝቅ ይላል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ። ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህ የዋዛ ሥራ አይደለም፤ የደብተሩን ቁልል በሁለት ዙር ነው ተሸክማ የምታመላልሰው።

የፊዚክሱ መምህር ከሃያ ዓመት በላይ አብሯት ያስተማረ ሰው ነው፤ እሷን ሳይነካካ ሻዩ አይወርድለትም።

«ስሙን ብቻ የጻፈ ተማሪ ቢመጣልሽስ፣ የት ላይ ልታሰምሪ ነው?» አላት አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል።

«ከስሙ ሥር።»

የቀለደች መሰለው። እውነትም ስሙን ብቻ ጽፎ ባዶ ወረቀት ያስረከበ ጎረምሳ መጣ፤ ከስሙ ሥር አሰመረችና «እስከዚህ» ብላ ጻፈችለት። ልጁ በማግስቱ ወረቀቱን እያውለበለበ ደረሰ።

«ቲቸር፣ ስሜን ብቻ ነው እንዴ ያገኘሁት?»

«ታዲያ ስምህንም ብትስተው አይብስም ነበር? በል፣ ነገ ጥያቄውን በንጹሕ ገልብጠህ አምጣ።»

ገልብጦ አመጣ። ከዚያ የመጀመሪያዋን መስመር፣ ከዚያ ሁለተኛዋን። ያ ጎረምሳ ዛሬ የታወቀ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የትምህርት ቤቱ መብራት ሲበላሽ በግድ ሳይሆን በደስታ ይመጣል።

ይህን አያያዝ ከመምህራን ማሠልጠኛ አላመጣችውም። ያስተማረቻት አክስቷ ናት። አክስቷ ደግሞ ልብስ ሰፊ እንጂ መምህርት አልነበረችም።

ነገሩ የሆነው ሰባተኛ ክፍልን ወድቃ በደገመችበት ዓመት ነው። የሒሳብ ፈተናዋ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰርዞ ተመለሰላት። ቅስሟ ተሰበረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ትወጣለች፤ የምትሄደው ግን ወደ አክስቷ የልብስ ስፌት ቤት ነው። አክስቲቱ አልጮኸችባትም፣ ለእናቷም ሄዳ አላሳበቀችባትም። «እንግዲያው እጅሽ ሥራ አይፍታ» አለችና የዩኒፎርም እጅጌ አስይዛ ከመኪናው ፊት አስቀመጠቻት። ልጅቷ እጅጌውን ከትከሻው ጋር አጋጥማለሁ ስትል ጨርቁን አጣመመችው። ጥፊ ስትጠብቅ፣ አክስቷ ጨርቁን ተቀብላ ስፌቱን በጥፍሯ እየዳሰሰች ሄደች፣ ሄደችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«አየሽ፣ እስከዚህ ድረስ የሰው ስፌት ነው። ያበድሽው ከዚህ ወዲያ ነው። ያበድሽበትን ብቻ ተርትሪ። ደህናው ምን አድርጎሽ ታፈርሽዋለሽ?»

ተረተረች፤ መልሳ ሰፋች። በሦስተኛው ቀን አክስቷ ቀዩን የፈተና ወረቀት ከደብተር መሐል አገኘችው። ከመደመርና ከመቀነስ ያለፈ ሒሳብ አታውቅምና ወረቀቱን ገለባበጠችው፤ አዘቀዘቀችው፤ በመጨረሻ ለልጅቷ መልሳ ሰጠቻት። «እኔ አይገባኝም። እስቲ አንቺ አሳዪኝ፤ ደህናው የት ድረስ ነው?»

ልጅቷ ያንን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ አነበበችው። ከስምንቱ ጥያቄ ስድስቱን ደህና አድርጋ ጀምራቸው ነበር፤ የጠፋችው ሦስተኛው ወይ አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ነው። መምህሩ ግን ከጥያቄው ቁጥር ጀምሮ ጠቅላላውን ሰርዞታል። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከንዴት ይሁን ከደስታ እስከ ዛሬ አልለየላትም። ሰኞ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ የወደቀችበት ክፍል የለም። አክስቷን ባነሣች ቁጥር «ነፍሷን ይማረው፤ እኔን ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት» ሳትል አታልፍም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ይህችው ጥንቁቅ መምህርት አንዲትን ተማሪ በገዛ መስመሯ ገደል አፋፍ ድረስ ወስዳት ነበር። ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ይህን ይዘለዋል፤ እሷ ግን ራሷ ነች የምታወራው።

ልጅቷን ጓደኞቿ «ጭምቷ» ይሏታል። ስምንተኛ ክፍልን የምትደግም፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ግድግዳውን ተደግፋ የምትቀመጥ፣ ካልጠየቋት የማትናገር፣ ቢጠይቋትም የማትመልስ ልጅ ነበረች። በትምህርት ቤቱ ደንብ አንድ ክፍል ሁለቴ የወደቀ ተማሪ ይሰናበታል። አባቷ ጎሚስታ ነው፤ በዋናው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ቤት ጎማ ይጠግናል። እናት የለቻትም። አባትየው ቁርጡን ነግሯታል፤ ዘንድሮም ከወደቀች ሌላ ከተማ ወዳለው አጎቷ ትሄዳለች፣ ልጆቹን ትይዝለታለች፣ ትምህርት የሚባል ነገር ያበቃል። አጎትየው መጥቶ ሊወስዳት ቀን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

የሚጥላት ሒሳብ ነበር፤ የመጀመሪያው ፈተና ላይ ከመቶ ሃያ አንድ አመጣች። መምህርቷ ምን ላይ እንደምትይዛት ጠፋት። አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ በዚያ መንገድ ስታልፍ ልጅቷን ከአባቷ ቤት ደጃፍ አየቻት። ጎንበስ ብላ፣ በአየር የተነፋ የጎማ ላስቲክ ውኃ በሞላበት ሳፋ ውስጥ እየነከረች በስንዝር በስንዝር ታዞረዋለች፤ አረፋ የሚያወጣበትን ቦታ ትፈልጋለች። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከላይዋ ቆሞ ይነጫነጫል።

«አንድ ምስማር ነው የወጋው፣ አንድ ቀዳዳ ነው ያለው! አግኝተሽው የለ? ምን ታዞሪዋለሽ?»

ልጅቷ ቀና ብላም አላየችው። ዙሩን ጨረሰች። «ሁለት ነው» አለች ቀስ ብላ፣ ጣቷን ሁለተኛው አረፋ ላይ አድርጋ። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየ።

መምህርቷ የምትይዝበትን አገኘች። በማግስቱ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርታ አረንጓዴ እስክሪብቶ ሰጠቻት። «የአንቺን ደብተር ከዛሬ ጀምሮ እኔ አላርመውም። ትናንት ላስቲኩን ባየሽበት ዓይን አሠራርሽን እዪው፤ ትክክሉ ያበቃበት ላይ መስመሩን ራስሽ አስምሪ።»

እሷም አሰመረች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቴ ሳተች፤ ከዚያ በኋላ መስመሯ አንዲት ቦታ ዝንፍ አትልም። ማታ ያቆመችበትን በማግስቱ ጠይቃ፣ ገብቷት፣ ትቀጥላለች። ሃያ አንዱ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አራቱ አርባ ሰባት ሆነ። ደብተሯ ላይ ስርዝ ድልዝ ጠፋ፤ አንድ የተሳሳተ ቁጥር አይታይበትም። መምህርቷ በኩራት ለፊዚክሱ መምህር አሳየችው፤ እሱም ለአንድ ቀን ቀልዱን ትቶ «ይቺስ አለፈች በያት» አላት። አይ የሰው ነገር! ያ የሚያምር ንጽሕና ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም አልታያቸውም።

የዓመቱ ፈተና ደረሰ። የሚያርሙት ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጡ መምህራን ናቸው። ከፈተናው ስትወጣ ጭምቷ ፈገግ ብላ ነበር፤ መምህርቷ ያቺን ልጅ ፈገግ ስትል ስታያት የመጀመሪያዋ ነው።

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው ቲቸር። አንድም ቦታ አልተሳሳትኩም።»

«እንዴት አንድም?»

«እስከማውቀው ድረስ ሠራሁ፣ አሰመርኩ፣ አቆምኩ። ከዐሥሩ ሦስቱን ጨርሻለሁ። ሰባቱ ላይ አሰመርኩ።»

መምህርቷ ጠጋ አለቻት። «ሰዓት አልቆብሽ ነው?»

«አይ፣ ግማሽ ሰዓት ተርፎኝ ነበር። እጄን አጣጥፌ ቁጭ አልኩ።»

ያን ጊዜ ገባት። ለዚህች ልጅ መስመር ማለት መቆሚያ ሆኗል። ደብተር ላይ ነገ አለ፤ ነገ ተጠይቆ ይቀጠላል። ፈተና ላይ ነገ የለም። ከመስመሩ ወዲያ በጨለማም ቢሆን እየዳበሱ፣ እየተሳሳቱም መሄድ እንዳለ አንድ ቀን እንኳ አልነገረቻትም። ይባስ ብላ በንጽሕናዋ አመስግናታለች። ልጅቷ ያደረገችው ነገር ቢኖር መምህርቷን ቃል በቃል ማመን ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ውጤቱ እስኪመጣ ዝም ይል ነበር። እሷ ግን ያኑ ዕለት ከሰዓት ልጅቷን አስከትላ ወደ ጎሚስታው ቤት ሄደች። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልትመለስ አስባለች። ጎሚስታው የጎማውን ክብ ብረት በመዶሻ እየቀጠቀጠ ነበር፤ ሲያያት እጁን በጨርቅ ጠራረገና በርጩማ አቀረበላት። አልተቀመጠችም።

«ልጅዎ ልትወድቅ ትችላለች» አለችው ቆማ። «ከወደቀች ግን ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የኔ ነው። የምታውቀው ሲያልቅባት እንድታቆም ያስለመድኳት እኔ ነኝ። እንድትቀጥል ማስተማር ነበረብኝ፤ አላስተማርኳትም። ተሳስቻለሁ።»

ጎሚስታው ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። ጭምቷ ሳፋው አጠገብ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

«እትዬ፣» አለ ጎሚስታው፣ «እዚህች ደጃፍ ላይ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ጎማው ነው፣ መንገዱ ነው፣ ምስማሩ ነው ይሉኛል፤ ጥፋቱ የኔ ነው ያለኝ ሾፌር እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሄደ። «እኔ ደግሞ ጭንቅላቷ ነው እምቢ ያለው ብዬ ለአጎቷ ቃል ሰጥቼው ነበር።»

«ጭንቅላቷ ከኔ ይሻላል።»

«እንግዲያው አጎቷ ትንሽ ይታገሳላ።»

ውጤቱ መጣ፤ አርባ ሦስት። ማለፊያው ሃምሳ ነው። አርባና ከዚያ በላይ ያገኙ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ፈተና ይቀመጣሉ፤ ደንቡ ለዚህ በሩን አልዘጋም ነበር። መምህርቷ ይህን ደንብ ያወጣውን ሰው ባታውቀውም መረቀችው።

ሦስቱን ሳምንት ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ሥራው ከሒሳብ ይልቅ የከበደ ሆነ። ልጅቷ ያወቀችው ሲያልቅ እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ይላል፤ እጇ አልሄድ ይላታል።

«ጻፊ እንጂ።»

«ከተሳሳትኩስ?»

«ትሳሳቻለሽ።»

«ከዚያስ?»

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ቀን መምህርቷ የፊዚክሱን መምህር ጠራችው። «እስቲ እኔ የማልችለውን አንድ ጥያቄ አምጣልኝ።» እሱ ደግሞ ይህችን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል፣ ሰሌዳውን ግማሽ የሚሞላ ጥያቄ ጻፈላትና እጁን አጣምሮ ወንበር ላይ ተደላደለ።

ጀመረች። ሁለት መስመር ሄዳ ጠፋት። ልጅቷ ዓይኗን ተክላ ታያታለች። መምህርቷ ላብ በላብ ሆና ቀጠለች፤ ሦስተኛውን ጻፈች፣ አላማራትም፣ በእጇ አብሳ ሌላ ጻፈች፤ እሱም አልሆነም። የፊዚክሱ መምህር «ኧረ ወዴት ወዴት ነው የምትሄጂው!» እያለ ይስቅባታል። ይህን ያህል ዘመን ያስተማረች ሴት በተማሪዋ ፊት እንዲህ መሳቂያ ስትሆን ማየት ቀላል ነገር አይደለም። አራተኛው ሙከራ ላይ ከኋላዋ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ቲቸር... ሲሻገር እኮ ምልክቱ ይቀየራል።»

ዞር አለች። እውነትም አልቀየረችውም። ሰባተኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚስተው ስሕተት። የፊዚክሱ መምህር ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ፤ እሷም ሳቀች፤ ጭምቷም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ጥያቄውን ግን ያን ቀን አልጨረሱትም። ልጅቷ ወደ ወረቀቷ ስትመለስ ካቆመችበት ቀጥላ አንድ መስመር ጻፈች። ስሕተት ነበር። ሰረዘችውና ሌላ ጻፈች።

ድጋሚ ፈተናው አለፈ፤ ውጤቱ በአንድ አርብ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሃምሳ ስምንት። መምህርቷ ተራ ይዛ፣ ከልጆቹ መሐል ተጋፍታ ነው ያነበበችው። ከዚያ ወደ መዝገብ ቤት ሄዳ ወረቀቱን አስወጥታ አየችው። እንደዚያ ዓይነት የተመሰቃቀለ ወረቀት በዕድሜዋ አላየችም። አንድ ገንዳ በአንደኛው ቧንቧ በስድስት ሰዓት፣ በሌላኛው በሦስት ሰዓት የሚሞላ ከሆነ፣ ሁለቱም ሲከፈቱ በስንት ሰዓት ይሞላል የሚል ጥያቄ ነበር። ልጅቷ ዘጠኝ ብላ ጽፋለች፤ አጠገቡ «አይሆንም፣ ሁለቱ ሲረዳዱ መፍጠን አለበት» ብላ ሰርዛዋለች። አራት ተኩል ብላለች፤ ሰርዛዋለች። ገጹን አዙራ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሥታ፣ ሁለት ላይ ደርሳለች። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ጭራሽ ስሕተት ነው፤ ግን እስከ ወረቀቱ ግርጌ ድረስ ተጽፏል። መምህርቷ ያንን የተሳሳተ መልስ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «ምነው፣ ወደቀች እንዴ?» ቢላት ጊዜ «የለም፣ አለፈች» ብላ ወረቀቱን መለሰችለት።

አጎትየው ሌላ ሰው ፈለገ። ጭምቷ ዘጠነኛ ክፍልን ሌላ ትምህርት ቤት ልትቀጥል ስለሆነ መሸኛ ወረቀቷን ልትወስድ መጣች። ማኅተሙ እስኪመታላት ድረስ መምህርቷ ጋ በር ላይ ቆመች። አባቷ የላከውን ምስጋና አደረሰች፤ ቃሉን በልቧ ይዛ የመጣች ይመስላል፣ አንድም ሳታዛንፍ ነው ያለችው። ከዚያ ልትሄድ ዞረችና መለስ አለች።

«ሒሳቡን እንኳ አንድ ቀን ልረሳው እችላለሁ ቲቸር» አለች። «ያን ቀን አባቴን ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ያሉትን ግን አልረሳውም። ትልቅ ሰው ተሳሳትኩ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እርስዎ ብለውት ምንም አልሆኑም። እኔም ብሳሳት ምንም አልሆንም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

መምህርቷ ያቺን ከሰዓት በኀፍረት ስታስታውሳት ነው የከረመችው፤ ከሥራ ዘመኗ ሁሉ የከፋችው ቀን እሷ ነበረች የምትመስላት። ከበሩ ፊት የቆመችውን ልጅ አየቻት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለቻት።